ረዳቶቻችንን ወደ ክምሩ አናት አትመልሱብን

ለካባዎችና ለደረቅ ቆሻሻ ማስወገጃ ቦታዎች ልኬት ለሚያጸድቀው መሥሪያ ቤት ኃላፊዎች፤
ለድሮን በረራ ፈቃድ ክፍል፤
ጉዳዩ ለሚመለከታችሁ ሁሉ፤

ክቡራንና ክቡራት፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ በድንጋይ ካባዎችና በቆሻሻ ማስወገጃ ቦታዎች የምንሠራ ቀያሾችና ረዳት ቀያሾች ነን። በቅርቡ ያወጣችሁት ሰርኩላር ደርሶናል። ሁለት ነገር ይላል። አንደኛ፣ ከድሮን ፎቶ የተሠላ የመጠን ሪፖርት፣ ማለትም ክምሩ ወይም ጉድጓዱ ስንት ሜትር ኩብ እንደሆነ የሚገልጽ ሪፖርት፣ ለክፍያም ሆነ ለፈቃድ እድሳት ተቀባይነት የለውም፤ ልኬቱ በቶታል ስቴሽን (ርቀትንና አንግልን በሚለካ የቀያሽ መሣሪያ) ወይም በጂፒኤስ፣ መሬት ላይ፣ ነጥብ በነጥብ መወሰድ አለበት። ሁለተኛ፣ ለሌላ ዓላማ ድሮን ማብረር የፈለገ ሰው ለእያንዳንዱ በረራ ለየብቻው በጽሑፍ ያመልክት። ምክንያቱ በግማሽ መስመር ተቀምጧል፤ “የትክክለኛነት ጥያቄ ስለተነሣ” ይላል። ጥያቄውን ማን እንዳነሣው፣ በየትኛው ሪፖርት ላይ እንደተነሣ አልተገለጸም። ሥራውን የምንሠራው እኛም አልተጠየቅንም።

ሰርኩላሩ ቢሮ ውስጥ ሲነበብ የመሣሪያ ጉዳይ ይመስላል። ሜዳ ላይ ትርጉሙ ሌላ ነው፤ ፕሪዝም፣ ማለትም መሣሪያው የሚያነጣጥርበትን በዘንግ ላይ የተሰካ መስታወት፣ የያዘ ወጣት ክምሩ አናት ላይ ይውጣ ማለት ነው። ከሁሉ በፊት የምንጽፍላችሁ ስለዚህ ወጣት ነው።

ሰርኩላሩ ከደረሰን በኋላ በመጣው የመጀመሪያው የወር መጨረሻ ልኬት ላይ የሆነውን እንንገራችሁ። በአንድ ካባ ውስጥ ክሬሸሩ (ድንጋይ መፍጫው) የሚያወጣው የደቃቅ ጠጠር ክምር አለ። ከክምሩ ሥር ዋሻ ተሠርቷል፤ በዋሻው ውስጥ ማጓጓዣ ቀበቶ ያልፋል፤ ጠጠሩ በዋሻው ጣሪያ ባለው ቀዳዳ እየወረደ በቀበቶው ይወሰዳል። እንዲህ ባለ ክምር ላይ የሠራ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ፤ ከሥር ሲሳብ የላይኛው ገጽ ሁልጊዜ አብሮ አይወርድም። በተለይ ደቃቁ ዝናብ መትቶት ሲደርቅ ቆዳ ያወጣል። ከላይ ሲያዩት ደልዳላ ነው፤ ከሥሩ ባዶ ነው። የዚያን ቀን ቀበቶው እንዲቆም አድርገናል፤ ቆሞም ነበር። ባዶው ግን ሌሊቱን ሲሳብ ካደረው የተሠራ ነው።

ረዳታችን ፕሪዝሙን ይዞ ወጣ። መሣሪያችን ፕሪዝሙን ራሱ እየተከተለ፣ በየተወሰነ ጊዜ ነጥብ የሚመዘግብ ዓይነት ነው። ጩኸቱን ስንሰማ ልጁ እስከ ደረቱ ገብቶ ነበር። ሎደሩ እንዳይጠጋ በእጅ ምልክት አስቆምነው፤ ቢጠጋ ክብደቱ የቀረውን ይንደው ነበር። ሳንቃ እያነጠፍን፣ በደረታችን እየተሳብን፣ በእጃችንና በአካፋ ጠጠሩን እየቆፈርን አወጣነው። ጠጠሩ ደረቱን ጨምቆት ስለነበር ስሙን ስንጠራው ከንፈሩ እንጂ ድምፁ አይወጣም ነበር። ማታ ፋይሉን ስንከፍት ሦስት ነጥቦች አገኘን፤ 213ኛው፣ 214ኛውና 215ኛው። ሦስቱም ቦታቸው አንድ ነው ማለት ይቻላል። ከፍታቸው ግን አንዱ ከአንዱ ግማሽ ሜትር ገደማ እየወረደ ይሄዳል። ቀያሽ ሆኖ ይህን የሚያነብ ሰው ምን እንደሚያይ እናንተም ሙያው ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ሰው ሲሰምጥ የተመዘገበ ከፍታ ነው።

ልጁ ተርፏል። ክምር ላይ ግን ከእንግዲህ አይወጣም፤ እኛም አናወጣውም። በእሱ ቦታ ሌላ ወጣት ተቀጥሯል። ሰርኩላሩ ስላልተነሣ የሚመጣው ወር መጨረሻ ላይ ፕሪዝሙን ይዞ የሚወጣው ይኸኛው ነው።

ያንኑ ክምር ከሰርኩላሩ በፊት እንዴት እንለካው እንደነበር ሳንናገር አናልፍም። ከካባው ዳር፣ ከክምሩ ርቀን እንቆማለን። ድሮኑን በ60 ሜትር ከፍታ እናበራለን። ፎቶዎቹ ወደ ፊት 80 በመቶ፣ ወደ ጎን 70 በመቶ ያህል እየተደራረቡ ይነሣሉ፤ በመጨረሻም ካሜራውን አዘንብለን አንድ ዙር እንጨምራለን። አንድ ባትሪ ይበቃል። ከዚያ ሶፍትዌር ከተደራረቡት ፎቶዎች የክምሩን ቅርጽ፣ ማለትም ሞዴሉን፣ ይሠራል። በዚህ ከፍታ ፋንተም 4 አርቲኬ በሚባለው ድሮን የሚነሣ ፎቶ አንዱ ፒክስል መሬት ላይ 1.6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሸፍናል። በክምሩ ላይ አንድም እግር አይረግጥም። ሎደሩም ሥራውን አያቋርጥም።

ሁለተኛው ቅሬታችን የቆሻሻ ማስወገጃ ቦታዎችን ይመለከታል። እዚህ ላይ ትንሽ ብንረዝም ታገሡን፤ ጉዳዩ ከክፍያ ሰርተፊኬት በላይ ነው።

የቆሻሻ ተራራ እንደ ድንጋይ ክምር አይደለም። ውስጡ ይበሰብሳል፣ ይሞቃል፣ ጋዝ ያወጣል፣ ፍሳሽ ያቁራል። አፈር የለበሰና ጸጥ ያለ የሚመስለው ቦታ ከሥሩ እየነደደ ሊሆን ይችላል። ከመካከላችን አንዷ ረዳት ቀያሽ የዘንጉን ጫፍ ለነጥብ ተክላ ስትነቅለው ጫፉ ይጨስ ነበር፤ ወደ መኪናው ስትመለስ የጫማዋ ሶል ለስልሶ የጠጠር ቅርጽ ታትሞበት አይተናል። እዚያው ቦታ ላይ ገልባጭ መኪና በመጣ ቁጥር ከኋላው የሚሮጡ፣ ከቆሻሻው ለቅመው የሚያድሩ ሰዎች አሉ። እነሱ ጫማም የላቸው። እኛ ለአንድ ቀን የምንወጣበትን ቁልቁለት እነሱ ከሥሩ ይውሉበታል፤ አንዳንዶቹም ያድሩበታል።

ይህ ቁልቁለት ሲናድ ምን እንደሚሆን ዓለም ደጋግሞ አይቷል። በማኒላ ፓያታስ ሐምሌ 2000 እ.ኤ.አ. ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። በኢንዶኔዥያ ሌዊጋጃህ የካቲት 2005 እ.ኤ.አ. ከ140 በላይ ሞቱ፤ አገሪቱ ያንን ቀን በየዓመቱ የቆሻሻ ጉዳይ ብሔራዊ ቀን አድርጋ ታስበዋለች። ቆሼ የተናደው መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ነው፤ ከ110 በላይ ሰዎች፣ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት፣ ከነቤታቸው ተቀበሩ። ከወር ገደማ በኋላ በኮሎምቦ ሚቶታሙላ ተደገመ፤ ከ30 በላይ ሰው አለቀ። በካምፓላ ኪቴዚ ደግሞ ነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. ሌላ ከ30 በላይ ሰው። ይህን የምንዘረዝረው ድሮን ቢኖር ኖሮ ሁሉም ይድን ነበር ለማለት አይደለም። እንዲህ ብለን ብንጽፍ ውሸት ይሆናል። የምንለው፣ እንዲህ ያለ ቁልቁለት ቅርጹን መለወጡን ለማወቅ ደጋግሞ መለካት ያስፈልጋል፤ ደጋግሞ ለመለካት ደግሞ ሰው የማይሞትበት መንገድ ያስፈልጋል ነው።

ከራሳችን ሥራ አንድ ምሳሌ እንስጣችሁ። በአንድ ማስወገጃ ቦታ በየወሩ እናበር ነበር። በአንደኛው ወር የተገኘውን የቁልቁለቱን ገጽ ካለፈው ወር ገጽ ቀንሰን ልዩነቱን በቀለም ስንስለው፣ በአንዱ ጎን የቁልቁለቱ አናት ወርዷል። ይህ ብቻውን አላስደነገጠንም፤ ቆሻሻ ሲበሰብስና ሲጠቀጠቅ ይሰምጣል። ያስደነገጠን እግሩ ነው። በዚያው ጎን፣ ከታች፣ አዲስ ቆሻሻ ባልተደፋበት ቦታ ላይ ገጹ ወደ ውጭ አብጧል። አናቱ የሚወርድ፣ እግሩ የሚገፋ ቁልቁለት እየሰመጠ አይደለም፤ እየተንሸራተተ ነው። ፎቶዎቹን አጉልተን ስናይ በአናቱ ላይ እንደ ቅስት የዞረ ስንጥቅ አገኘን። ከመንገዱ ሆኖ የሚያይ ሰው አያገኘውም፤ የተጣለ ላስቲክ ሸፍኖታል፤ በከፊል ብቻ ይታያል። ለቦታው ኃላፊ የዚያኑ ቀን ነገርነው። ደህና ሰው ነው፤ አልተከራከረም። ገልባጮቹ ወደ ሌላ ጎን እንዲደፉ አደረገ፤ ከታች የነበሩትን የላስቲክ ዳሶች አስነሣ፤ የታቆረውን ፍሳሽ በቦይ አስለቀቀ።

ከዚያ ሰርኩላሩ መጣ። የሚቀጥለውን ወር ልኬት በመሬት ወሰድን። ወደዚያ ቁልቁለት ሰው ማውጣት ኅሊናችን አልፈቀደም። ስለዚህ በላይኛው መንገድና በታችኛው መንገድ ላይ ነጥብ ወስደን፣ መካከሉን ኮምፒዩተሩ በቀጥታ መስመር እንዲያገናኘው ተውነው። ሪፖርቱ ጸደቀ። ቅያሜያችን እዚህ ላይ ነው፤ ቁልቁለቱን ያላየ ሪፖርት በእናንተ ማኅተም ጸደቀ፤ ስንጥቁን ያሳየው ሪፖርት ተቀባይነት የለውም ተባለ። ስንጥቁ ዛሬ ምን ያህል እንደሰፋ የሚያውቅ ሰው የለም፤ ማንም ስለማይለካው።

ሦስተኛው ነገር ራሳችሁ ያነሣችሁት የትክክለኛነት ጉዳይ ነው። ይህን ልንሸሸው አንፈልግም። ከድሮን የወጣ መጥፎ ሪፖርት እኛም አይተናል። ከሙያችን ውጭ የሆነ ሰው ለሠርግ ቪዲዮ የሚያገለግል ድሮን አንሥቶ፣ መሬት ላይ አንድም የመቆጣጠሪያ ነጥብ፣ ማለትም ቦታውና ከፍታው ቀድሞ የተለካ ምልክት፣ ሳያስቀምጥ፣ ካሜራውን ቀጥ አድርጎ ወደ ታች ብቻ እያነሣ፣ ሶፍትዌሩ ያወጣለትን ቁጥር ሪፖርት አድርጎ ያስገባበት ጊዜ አለ። እንዲህ ያለው ሞዴል መሐሉ ያብጣል ወይም ይሰረጉዳል። ምክንያቱ የታወቀ ነው፤ ፎቶዎቹ ሁሉ በአንድ አቅጣጫ ሲሆኑ ሶፍትዌሩ የሌንሱን መዛባት ከመሬቱ ቅርጽ መለየት ያቅተዋል። ጄምስና ሮብሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በ2014 እ.ኤ.አ. ይህንኑ አሳይተው መፍትሔውንም አብረው አስቀምጠዋል፤ ያዘነበሉ ፎቶዎችን መጨመርና መሬት ላይ የታወቁ ነጥቦችን መጠቀም።

ስሕተቱ ትንሽ ቢመስልም በመጠን ሲባዛ ትልቅ ነው። በአንድ ሄክታር ላይ ከፍታው ወጥ በሆነ የ5 ሴንቲ ሜትር ስሕተት ቢዛባ 500 ሜትር ኩብ ይጨምራል ወይም ይጠፋል። ይህ ባለ 16 ሜትር ኩብ ገልባጭ ከ30 ጊዜ በላይ ተመላልሶ የሚያነሣው ነው። በዚህ መጠን የተጎዳ ሥራ ተቋራጭ ቢቆጣ አንፈርድበትም። በሌላ ሪፖርት ላይ ደግሞ፣ ይህኛው የኛው የሙያ ባልደረባ የሠራው ነው፣ የመጀመሪያው ልኬት በአማካይ የባሕር ጠለል ከፍታ፣ ሁለተኛው ጂፒኤስ እንደወረደ በሚሰጠው ከፍታ ነበር የተሠራው። ሁለቱ ከፍታዎች በሜትሮች ይለያያሉ። ሲቀነሱ የካባው ገጽ በአንድ ወር ውስጥ በሜትሮች የተለወጠ መሰለ። ስሕተቱን ያገኘነው ራሳችን ነን፤ ለባልደረባችንም ነግረነው አርሟል።

ነገር ግን ሁለቱም ስሕተቶች የሚያዙት በአንድ መንገድ ነው፤ በማረጋገጫ ነጥብ። ሞዴሉ ሲሠራ ጥቅም ላይ ያልዋሉ፣ መሬት ላይ በቶታል ስቴሽን ወይም በጂፒኤስ የተለኩ ነጥቦች ይያዛሉ፤ ሞዴሉ በእነዚህ ነጥቦች ላይ የሚሰጠው ከፍታ ከተለካው ጋር ይነጻጸራል፤ ልዩነቱ በሪፖርቱ ላይ ይጻፋል። የሠርግ ድሮን ያነሣውም፣ ከፍታ ያምታታውም እዚያ ላይ ይጋለጣል። የአሜሪካ የፎቶግራሜትሪና የርቀት ዳሰሳ ማኅበር በ2014 እ.ኤ.አ. ያወጣውን የትክክለኛነት መለኪያ በ2023 ሲያድስ፣ ቢያንስ 30 የማረጋገጫ ነጥብ እንዲኖር ጠይቋል። ለአንዲት ትንሽ ካባ 30 ነጥብ ይብዛ ይነስ እንነጋገርበት፤ እኛ ቁጥሩ ላይ አንከራከርም። የማረጋገጫ ነጥቦቹ ደግሞ በጠንካራ መሬት ላይ፣ በመንገዱና በደረጃዎቹ ላይ የሚቀመጡ ናቸው፤ ማንንም ክምር ላይ አያወጡም።

የመሬት ልኬትም ከስሕተት የጸዳ አይደለም፤ ሰርኩላሩ ግን እንደ ጸዳ ቆጥሮታል። ሎደር መሐሉን የቦረቦረው ክምር አስቡ። ረዳታችን ጠርዙን ዞሮ ነጥብ ይወስዳል፤ ወደ ጉድጓዱ አይገባም፤ መግባትም የለበትም። ኮምፒዩተሩ ጠርዙን ከጠርዙ ያገናኝና ጉድጓዱን ሞልቶ ያሳያል። የሌለ ጠጠር ተቆጠረ ማለት ነው። የክምሩ ሹል አናት ላይ ነጥብ ካልተወሰደ ደግሞ አናቱ ይቆረጣል። ከመቶ ጥቂት በሚበልጡ ነጥቦች የተሠራ ገጽና ከሚሊዮኖች ነጥቦች የተሠራ ገጽ እኩል ይታመኑ ቢባል እንኳ ይከብዳል፤ የመጀመሪያው ብቻ ይታመን ሲባል ግን አይገባንም።

ድሮን የማይችለውንም እናውቃለን፤ ልንደብቀው አንፈልግም። ፎቶ ሣር ሲያይ የሣሩን ጫፍ እንጂ መሬቱን አይለካም፤ የተዘጋና ሣር የበቀለበት ማስወገጃ ላይ ይህ ትልቅ ችግር ነው። በቅጠል ክፍተት የሚያልፍ ሌዘር የተጫነበት ድሮን በከፊል ይረዳል፤ ዋጋው ግን ለብዙዎቻችን አይቀመስም። በካባው ወለል የታቆረ ውኃ ሲኖር ፎቶው የውኃውን ገጽ እንኳ በትክክል አይሰጥም፤ ጥልቀቱን ፈጽሞ አያውቅም። ወደ ውስጥ የተቦረቦረ ገደል ከላይ አይታይም። ቆሻሻ ማስወገጃ ላይ ጭላትና አሞራ ድሮኑን ያጠቃሉ፤ ስለዚህ የምናበረው በማለዳ፣ ወፎቹ ሳይነሡ ነው። እንዲህ ባሉ ቦታዎች የመሬት ልኬት ያስፈልጋል፤ እናደርገዋለን። የምንለምነው የቱ ቦታ በየትኛው እንደሚለካ ቦታውን አይቶ ቀያሹ እንዲወስን ነው።

ስለ በረራ ፈቃዱ ብዙ አንልም። አንድ ካባ ውስጥ ለሚደረግ ከግማሽ ሰዓት ያነሰ በረራ ያመለከትንበት ፈቃድ ከስድስት ሳምንት በላይ ቆይቶ ደረሰን። በዚያ ጊዜ ሊለካ የነበረው ክምር ተሽጦ፣ ተጭኖ አልቋል። ፈቃዱ ላይ የተጻፈው ቀን አንድ ቀን ነው፤ በዚያ ቀን ነፋስ ቢነሣ ወይም ካባው ፍንዳታ ቢኖረው እንደገና ማመልከት ነው። የአሜሪካው የአነስተኛ ድሮን ደንብ ከነሐሴ 2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ የአውሮፓ ኅብረቱ ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ይሠራሉ። ሁለቱም ከ120 ሜትር ገደማ በላይ አትውጣ፣ ድሮንህን ከዓይንህ አታርቅ፣ በሰው ላይ እንዳሻህ አታብር የሚል ጥብቅ ወሰን አላቸው። በወሰኑ ውስጥ ለሆነና ከአውሮፕላን ማረፊያ ክልል ለራቀ በረራ ግን በየቀኑ ደብዳቤ አይጠይቁም። የኛ በረራ አብዛኛው ከካባው አፍ በታች ነው፤ በአጥር የተከለለ ጉድጓድ ውስጥ።

ፎቶዎቹ ወደ ማይገባ እጅ ይደርሳሉ የሚል ስጋት እንዳላችሁም በቃል ሰምተናል። ስጋቱ ተገቢ ነው። ሥራውን ኢንተርኔት በሌለው ኮምፒዩተር ላይ መሥራት፣ ጥሬ ፎቶዎቹን ከሪፖርቱ ጋር ለእናንተ ማስረከብ፣ ከካባው አጥር ውጭ የሚታየውን መቁረጥ እንችላለን። ማንም ጠይቆን አያውቅም እንጂ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሥርዓት ሆኖ ሊጻፍ የሚችል ነገር ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ሳንናገር ብንቀር ይቆጨናል። ድሮን እንድንጠቀም ያበረታታን ይኸው መሥሪያ ቤት ነው። ሥልጠና ጠርታችሁ፣ አዳራሽ ሰብስባችሁ፣ ወደፊት ልኬት ሁሉ በዚህ ይሆናል ያላችሁን እናንተ ናችሁ። ከመካከላችን ተበድረው መሣሪያ የገዙ አሉ፤ ዕዳው ዛሬም አለ፤ ድሮኑ ሳጥን ውስጥ ነው። ረዳት ቀያሾች ደግሞ በቀን ሥራ የሚከፈላቸው፣ አብዛኞቹ ኢንሹራንስ የሌላቸው ወጣቶች ናቸው። ከክምሩ ላይ የወደቀ ቀን የዕለቱ ሒሳቡም ይቋረጣል። ሰርኩላሩ ሲረቀቅ በጠረጴዛው ዙሪያ ከእነዚህ አንዱ እንኳ ቢቀመጥ ኖሮ ሌላ ነገር ይጻፍ ነበር ብለን እናምናለን።

የክምርን አደጋ ከሰው ሕይወት በኋላ ማስታወስ አዲስ ነገር አይደለም። በዌልስ አበርፋን ጥቅምት 1966 እ.ኤ.አ. የማዕድን ማውጫ ተረፈ ክምር ተንሸራቶ ትምህርት ቤት ላይ ወረደ፤ ከሞቱት 144 ሰዎች 116ቱ ሕፃናት ነበሩ። የክምሮችን ደኅንነት የሚመለከተው ሕግ የወጣው በ1969 ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ፣ ከቀብሩ በኋላ። እኛ የምንጠይቀው ከቀብሩ በፊት ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

ከድሮን የተሠላን የመጠን ሪፖርት የሚከለክለው የሰርኩላሩ ክፍል ከሚመጣው የወር መጨረሻ ልኬት በፊት ይነሣ። በምትኩ ማንኛውም ልኬት፣ በድሮንም ይሁን በመሬት፣ ስንት የመቆጣጠሪያና ስንት የማረጋገጫ ነጥብ እንደሚያስፈልገው፣ የሚፈቀደው የከፍታ ስሕተት ምን ያህል እንደሆነ፣ የትኛው የከፍታ መነሻ እንደሚያዝ የሚወስን መመሪያ ይውጣ። መመሪያው ሲረቀቅ ቀያሾችና ረዳት ቀያሾች ይቀመጡበት፤ እኛ ያለ ክፍያ ለመምጣት ዝግጁ ነን።

መመሪያው እስኪወጣ ድረስ ማንም መርማሪ፣ ከሥሩ በሚሳብ ክምር ላይ፣ በሚጨስ ቆሻሻ ላይ፣ በቅርቡ በተፈነዳ የካባ ገደል ሥር የሰው እግር እንዲረግጥ የሚያስገድድ ጥያቄ እንዳያቀርብ በጽሑፍ ይታዘዝ። ይህ ትእዛዝ ግን መመሪያ መጠበቅ አያስፈልገውም፤ አንድ ገጽ ደብዳቤ ይበቃዋል።

በአጥር ለተከለሉ ካባዎችና ማስወገጃ ቦታዎች፣ የሠለጠነ አብራሪ፣ የተመዘገበ ድሮንና የከፍታ ወሰን እስካለ ድረስ፣ ለአንድ ዓመት የሚያገለግል ቋሚ የበረራ ፈቃድ ይሰጥ። ከእያንዳንዱ በረራ በፊት በስልክ ወይም በመልእክት ለማሳወቅ እንስማማለን።

ሰው ከሥራቸው የሚኖርባቸው ወይም የሚሠራባቸው የቆሻሻ ቁልቁለቶች ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ፣ በዝናብ ወቅት በየሁለት ሳምንቱ ይለኩ። ልዩነቱን የሚያሳየው ካርታ በመዝገብ ቤት አይቅር፤ ለቦታው ኃላፊና ከቁልቁለቱ ሥር ላሉት ሰዎች በሚገባቸው ቋንቋ ይነገር። ከላይ ስንጥቅ እንዳለበት የገለጽነው ቁልቁለት ግን ወር አይጠብቅም፤ ለእሱ ብቻ የአንድ ቀን ፈቃድ ስጡን፣ ዛሬውኑ እንለካዋለን፤ ክፍያ አንጠይቅም። የቦታው ዝርዝር ከዚህ ደብዳቤ ጋር ለመዝገብ ቤታችሁ በታሸገ ፖስታ ገብቷል።

በመጨረሻም፣ በክምር ላይ ወጥቶ የሚለካ ረዳት ሁሉ ኢንሹራንስ እንዲኖረው የልኬት ሪፖርት መቀበያ ቅጻችሁ ላይ አንድ መስመር ይጨመር። የኢንሹራንስ ማስረጃ ያልተያያዘበት ሪፖርት አይጽደቅ። ቅጹን ታውቁታላችሁ፤ ለተሽከርካሪ ኢንሹራንስ መስመር አለው፣ ለሰው የለውም።

መልሳችሁን በጽሑፍ እንጠብቃለን። ለውይይት ከጠራችሁን 213ኛውን፣ 214ኛውንና 215ኛውን ነጥብ የያዘውን ፋይል ይዘን እንመጣለን።

ከአክብሮት ጋር፣

በካባዎችና በደረቅ ቆሻሻ ማስወገጃ ቦታዎች የምንሠራ ቀያሾች፣
ረዳት ቀያሾችና ፕሪዝም ያዦች፣
የድሮን አብራሪዎችና የፎቶ ልኬት ባለሙያዎች

ግልባጭ፦
ለሥራ ደኅንነት ጉዳይ ለሚመለከተው ክፍል
ለካባ ባለፈቃዶች
ለቆሻሻ ማስወገጃ ቦታዎች ኃላፊዎች